አፕ ለማሠራት ያሰበ የቁም እንስሳት ነጋዴ ከመፈረሙ በፊት ሊያውቀው የሚገባ

አንድ ነጋዴ እናስብ። ፍየልና በግ ከዱብሉቅ ገበያ ያነሳል፣ ሞያሌ ላይ ያስረክባል፤ ጭነቱ ናይሮቢ ኪያማይኮ ላለ ደንበኛው ይደርሳል። ስንት እንደተጫነ፣ ስንቱ በመንገድ እንደሞተ፣ ማን ቀብድ እንደሰጠ፣ የማን ዱቤ እንዳልተከፈለ የሚይዝበት ደብተር ዝናብ እየመታው አስቸገረው። አፕ አሠራ። ሥራው አማረ። ሁለት ዓመት ያህል ሁሉም ነገር በስልክ ሆነ፤ ደብተሩም ተረሳ።

አንድ ጠዋት ስልኩን ሲከፍት አፑ ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ አሳየው። ለሠሪው ደወለ። ሠሪው ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል። መዝገቡ የተቀመጠበት ሰርቨር በሠሪው ስም የተከፈተ፣ በሠሪው ካርድ በየወሩ የሚከፈል ነበር። ክፍያው ሲቋረጥ ሰርቨሩ ተዘጋ፤ ቀኑ ሲያልፍም መዝገቡ ተሰረዘ። ሠሪው ሌባ አይደለም፣ የካደውም ነገር የለም። ነገር ግን የሁለት ዓመት ዱቤ ማን ላይ እንዳለ አሁን የሚያውቁት ተበዳሪዎቹ ብቻ ናቸው።

ይህ ለማስረጃ ያቀረብነው ምሳሌ ነው፤ ሆኖም በእንዲህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ የሚጠፋበትን ዋና መንገድ ያሳያል። ብዙ ነጋዴ አፕን እንደ ወንበር ወይም እንደ ሚዛን አንዴ ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ አድርጎ ያስበዋል። አፕ ግን ከዕቃ ይልቅ ለከብት ይቀርባል። ከተገዛ በኋላ መኖ ይፈልጋል፣ እረኛ ይፈልጋል፣ የማን እንደሆነ የሚያሳይ ምልክትም ይፈልጋል። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስቱን ከመፈረምዎ በፊት እንዴት እንደሚያረጋግጡ ያስረዳል።

መጀመሪያ ገንዘቡ የሚፈስበትን ቀዳዳ ይፈልጉ

አፕ ሠሪ ጋ ከመሄድዎ በፊት ያለፉትን አሥር ጉዞዎች በወረቀት ላይ ያስቀምጡ። በእያንዳንዱ ጉዞ ከታሰበው ትርፍ ስንት ጎደለ? የጎደለውስ በምን ምክንያት ነው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ይወድቃል። የገበያ ዋጋ ሳይታወቅ መግዛት፣ በመንገድ ላይ የቆጠራ ጉድለትና ሞት፣ ያልተሰበሰበ ዱቤ፣ በኬላ ላይ የጎደለ ሰነድ።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው በጥሩ መዝገብ ሊቀንሱ ይችላሉ። አንደኛው ግን ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። የዋጋ መረጃ በራሱ ወደ ስልክ አይመጣም፤ ገበያው ውስጥ ቆሞ የሚሰበስበው ሰው ያስፈልገዋል። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ አማካይነት በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የተዘረጋው ሊንክስ የተባለ ሥርዓት የእንስሳት ዋጋን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ያደርስ ነበር። በኋላም ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) በሰሜን ኬንያ ካዝኔት በተባለ አፕ የአካባቢው ሰዎች በስልካቸው ዋጋ እንዲልኩ አድርጓል፤ ለሚልኩትም ለእያንዳንዱ ሥራ ጥቂት ክፍያ ነበራቸው። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው። ዋጋ ሰብሳቢው ክፍያ ካቆመ መረጃውም ይቆማል። ስለዚህ «የገበያ ዋጋ የሚያሳይ አፕ እሠራልዎታለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋጋውን በየሳምንቱ ማን ይሰበስባል? ማንስ ይከፍለዋል?» መሆን አለበት።

አፕ ጨርሶ የማይነካቸው ጉዳዮችም አሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን እንስሳ ስትከለክል፣ ገደቡም እስከ 2009 ሲቆይ፣ ምንም ዓይነት ሶፍትዌር በርበራ ላይ የቆመን በግ ሊያስጭን አይችልም ነበር። ድርቅ፣ የመኖ ዋጋና የተዘጋ ድንበርም እንዲሁ ናቸው። የአሥሩ ጉዞ ኪሳራ ከእነዚህ የመጣ ከሆነ የአፑ ገንዘብ መኖ ቢገዛበት ይሻላል።

አፕ የግድ ላይሆን ይችላል

ቀዳዳው ከታወቀ በኋላ ርካሹን መፍትሔ አስቀድሞ መሞከር ጥሩ ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንዲህ ይደረደራሉ።

የመጀመሪያው በእጅዎ ያለው ነው። የዋትስአፕ ወይም የቴሌግራም ቡድን፣ የጭነት ፎቶና የድምፅ መልእክት። አምስት ሰው ለሚያሠራ ነጋዴ ጫኙ ሲጭን፣ ተቀባዩ ሲያራግፍ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ቁጥሩን እንዲልኩ ማስለመድ ብቻውን የቆጠራ ጭቅጭቅን ብዙ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ዝግጁ የመመዝገቢያ ቅጽ ነው። ኮቦ ቱልቦክስ የተባለው መሣሪያ ለዕርዳታ ድርጅቶች ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ኔትወርክ በሌለበት ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። በነጻ የሚጀመርበት መንገድም አለው። ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ ወጣት በጥቂት ቀናት ቅጹን ሊያዘጋጅልዎት ይችላል። የግጦሽና የውኃ ሁኔታን ከሳተላይት ለማየት ከሆነ ደግሞ አፍሪስካውት የተባለ አፕ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ለአርብቶ አደሮች ቀርቧል፤ ያንኑ እንደገና ለማሠራት ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሦስተኛው ቴሌብርን በ*127# እንደምንጠቀመው በኮከብና በመሰላል የሚሠራ አገልግሎት ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በማንኛውም ተራ ስልክ ይሠራል። እረኛውና ነጂው ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ ካላቸው ትክክለኛው መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ቁጥሩ ከቴሌኮም ኩባንያው የሚከራይ መሆኑ ነው። በኢትዮ ቴሌኮም ሲም የሚሠራው ኮድ ድንበሩን ተሻግሮ በኬንያው ሳፋሪኮም ሲም አይሠራም። ለሁለት አገር ሁለት ኪራይና ሁለት ድርድር ያስፈልጋል።

አራተኛው ለእርስዎ ተብሎ የሚሠራ የአንድሮይድ አፕ ነው። የአይፎን ሥሪት የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ደንበኞችዎ በእርግጥ አይፎን የሚይዙ ከሆነ ነው። ነጂና ደላላ የሚጠቀምበት መዝገብ በአንድሮይድ ብቻ ቢሠራ የሚያጣው ነገር የለም፤ ወጪው ግን በእጅጉ ይቀንሳል።

ሠሪው የማያውቀውን እርስዎ ይንገሩት

ጥሩ አፕ ሠሪ ሥራውን ያውቃል፤ ገበያዎን ግን አያውቅም። ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ሳይነገረው የሚያልፋቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ቀንና ሰዓት። በኢትዮጵያ በኩል ያለው ሠራተኛ «ነገ 3 ሰዓት ይጫናል» ሲል ስልኩ የሚያየው 9 ሰዓት ነው። በስዋሂሊ የሚናገረውም ሰው ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራልና በቃል ይግባባሉ፤ አፑ ላይ ሲጽፉት ግን ይሳሳታሉ። በዚያ ላይ የእኛ ዓመት 13 ወር አለው። ጳጉሜን የማያውቅ አፕ በጳጉሜ 3 የተጻፈ ደረሰኝን ወይ አይቀበልም ወይ ሌላ ቀን ይሰጠዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ውስጡ በአንድ አቆጣጠር ይያዝ፣ ለተጠቃሚው ግን እንደ ምርጫው ይታይ። ይህ በመጀመሪያው ቀን ከተነገረ ትንሽ ሥራ ነው፤ ካለቀ በኋላ ከተነገረ ግን ግማሹን እንደገና መሥራት ነው።

የሐጅ ወቅት። ወደ በርበራና ጅቡቲ የሚሸጥ ነጋዴ የዓመቱ ትልቅ ገበያው በእስልምና ቀን አቆጣጠር ይመራል፤ ይህም በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ፊት ይቀድማል። «የዘንድሮውን ግንቦት ካለፈው ግንቦት ጋር» እያወዳደረ ሪፖርት የሚያወጣ አፕ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተሳሳተ ምክር ይሰጣል። ማወዳደር ያለበት ከዒድ በፊት ያሉትን ሳምንታት ነው።

ገንዘብ። ብር፣ የኬንያ ሺሊንግ፣ ዶላር፣ በሶማሌላንድ በኩል ደግሞ የራሱ ሺሊንግ አለ። አፑ እያንዳንዱን ስምምነት በተደረገበት ገንዘብና በዕለቱ ምንዛሪ መዝግቦ መያዝ አለበት። የቆየ ሒሳብን በዛሬ ምንዛሪ የሚቀይር አፕ አደገኛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ በአንድ ጊዜ ወረደ። በዚያን ቀን እንዲህ ያለ አፕ ይዞ የነበረ ነጋዴ በሺሊንግ የሸጠው የዓምና ጭነት ሁሉ በድንገት ትልቅ ትርፍ ያገኘ መስሎ ይታየዋል፤ ያልነበረ ትርፍ።

ድርድርና ደላላ። በሶማሌና በቦረና ገበያዎች ዋጋ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዞ በጣት ይነገራል፤ ዙሪያው የቆመው ሰው አይሰማውም። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ሻጩ ከአንዱ ጋር ያልተስማማበትን ዋጋ ሌላው እንዳያውቅ ነው። የእያንዳንዱን ሽያጭ ዋጋ ለሁሉም ተጠቃሚ የሚያሳይ አፕ በዚህ ገበያ ማንም አይነካውም። ደላላውንም «ከመሐል እናወጣዋለን» የሚል ሠሪ ቢመጣ ቆም ይበሉ። ደላላው ገዥና ሻጭን ከማገናኘት በላይ ከብቱ የተሰረቀ አለመሆኑን በስሙ ይመሰክራል። አፕ ይህን ምስክርነት ሊተካ አይችልም፤ የደላላውን ስም፣ የከብቱን የመተኮሻ ምልክት ፎቶና ቀኑን መዝግቦ ሊያጠናክረው ግን ይችላል።

ቋንቋ። ጫኙ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማልኛ፣ ጸሐፊው አማርኛ፣ ተቀባዩ ስዋሂሊ ሊያነብ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አያነብም። ለእርሱ የበግ፣ የፍየል፣ የሰንጋና የግመል ሥዕል፣ ትልልቅ ቁጥርና የድምፅ መልእክት ከማንኛውም ትርጉም ይበልጣሉ።

ኔትወርክ። ይህ ከሁሉም የከበደው ነው። አፑ ኔትወርክ ሳይኖር ሙሉ በሙሉ መሥራት፣ ሲገኝ ደግሞ መላክ አለበት። ለሠሪው አንድ ጥያቄ ያቅርቡለት። «ጫኙና ተቀባዩ ሁለቱም ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሆነው የአንዱን ጭነት ቁጥር ቢቀይሩ፣ አንዱ 62፣ ሌላው 60 ቢጽፍ፣ በኋላ የማን ይጸናል?» ትክክለኛው መልስ «ሁለቱም ይቀመጣሉ፤ ማን መቼ እንደጻፈው ለእርስዎ ይታያል፤ እርስዎ ይወስናሉ» የሚል ነው። «መጨረሻ የተላከው ይጸናል» ካለ ሁለት ፍየል ያለ ምስክር ጠፍተዋል ማለት ነው።

ገንዘቡን አፑ ውስጥ አያስቀምጡ

ብዙ ነጋዴ አፑ ቀብድ ተቀብሎ፣ ይዞ፣ ለሻጩ እንዲለቅ ይፈልጋል። የሌላ ሰውን ገንዘብ ተቀብሎ መያዝ ግን በየአገሩ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ በኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ይቆጣጠሩታል። ትክክለኛው አሠራር ገንዘቡ ፈቃድ ባለው አገልግሎት በቴሌብር፣ በኤም-ፔሳ፣ በሶማሌላንድ በዛድ ወይም በባንክ እንዲያልፍ፣ አፑ ደግሞ የክፍያውን ማረጋገጫ ቁጥር ከጭነቱ ጋር አያይዞ እንዲመዘግብ ማድረግ ነው። ሳፋሪኮም ዳራጃ በሚባለው መግቢያው በኩል የንግድ ድርጅቶች ሶፍትዌራቸውን ከኬንያው ኤም-ፔሳ ጋር እንዲያገናኙ ይፈቅዳል።

ገደቡንም ይወቁ። በኬንያ ከነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኤም-ፔሳ በአንድ ጊዜ የሚላከው እስከ 250,000 ሺሊንግ ነው፤ በአካውንት ሊቀመጥ የሚችለውም እስከ 500,000 ነው። የአንድ የጭነት መኪና ሰንጋ ሒሳብ በአንድ ጊዜ በዚህ አያልፍም። ስለዚህ አፑ ለአንድ ጭነት በተለያየ ቀንና በተለያየ መንገድ የተከፈለን ገንዘብ ደምሮ ቀሪውን የሚያሳይ መሆን አለበት። «አንድ ጭነት፣ አንድ ክፍያ» ብሎ የተሠራ አፕ በሦስተኛው ቀን ይጣላል። ሌላም አለ። አፕ የውጭ ምንዛሪን ሕግ አይቀይርም፤ በወረቀት የማይፈቀድ ዝውውር በስልክም አይፈቀድም። ልዩነቱ በስልክ የተደረገው ተመዝግቦ መቆየቱ ነው።

ምልክቱ የማን ነው?

አሁን መጀመሪያ ወዳነሳነው ነጋዴ እንመለስ። ሰርቨሩ ለምን በሠሪው ስም ሆነ? ተንኮል ስለነበረ አይደለም። የሰርቨር ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር በካርድ ይከፈላል፤ ብዙ ነጋዴ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ካርድ የለውም። ሠሪው «ግድ የለም፣ በእኔ ይሁን» ይላል። ሁለቱም ይረሱታል። መፍትሔው ሥራው ሳይጀመር መነጋገር ነው። በብር የሚከፈል የአገር ውስጥ ሰርቨር ይኖር እንደሆነ መጠየቅ፣ ካልሆነም ካርድ ባለው በታመነ ሸሪክ ወይም ዘመድ ስም መክፈት፣ አካውንቱ ግን በእርስዎ ኢሜይልና በእርስዎ ስልክ ቁጥር እንዲመዘገብ ማድረግ።

በእርስዎ እጅ መሆን ያለባቸው ቁልፎች አምስት ናቸው። አንደኛ የሰርቨሩ አካውንት፣ ሁለተኛ የጎግል ፕሌይ አካውንት፣ ሦስተኛ ድረ ገጽ ካለ የስሙ ምዝገባ፣ አራተኛ የፕሮግራሙ ሙሉ ጽሑፍ (ሶርስ ኮድ የሚባለው)፣ አምስተኛ አፑ የሚፈረምበት ቁልፍ። አምስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድሮይድ አፕ ሲሻሻል አዲሱ ሥሪት ከቀድሞው ጋር በአንድ ቁልፍ ካልተፈረመ ስልኩ አይቀበለውም። ቁልፉ ከጠፋና ሌላ መንገድ ካልተዘጋጀ አፑን ማሻሻል አይቻልም፤ ሁሉም ተጠቃሚ አጥፍቶ አዲስ መጫን ይኖርበታል።

የጎግል ፕሌይ አካውንት አንዴ የሚከፈል 25 ዶላር ነው። በድርጅት ስም ለመክፈት ዲ-ዩ-ኤን-ኤስ የሚባል የድርጅት መለያ ቁጥር ይጠየቃል፤ ቁጥሩን ማግኘት ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ቀድሞ መጀመር ይገባል። በአዲስ የግል አካውንት ከሆነ ደግሞ አፑ ለሁሉም ከመለቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲሞክሩት ጎግል ይጠይቃል። ሠሪው «በሳምንት ስቶር ላይ አወጣዋለሁ» ካለ ይህን ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት። «በእኔ አካውንት ስለሆነ ችግር የለም» ካለዎት ደግሞ ምልክቱ የማን እንደሆነ ነግሮዎታል።

ውሉና ክፍያው

ከብት ሲገዙ ጥርሱን ሳያዩ ሙሉ ዋጋ አይከፍሉም። እዚህም እንደዚያው ነው። ክፍያው በሚታይ ሥራ ይከፋፈል። ለምሳሌ 20 በመቶ ሲፈራረሙ፣ 30 በመቶ የመጀመሪያው የሚሠራ ሥሪት በራስዎ ስልክ ላይ ሲጫን፣ 30 በመቶ ሁለት ሙሉ ጉዞ ከገበያ እስከ ማራገፊያ በአፑ ከተመዘገበ በኋላ፣ የመጨረሻው 20 በመቶ አምስቱ ቁልፎች ከተረከቡና አንድ ወር ካለፈ በኋላ። ድርሻው እንደ ስምምነቱ ሊለያይ ይችላል፤ ዋናው ነገር የመጨረሻው ክፍያ ከቁልፎቹ ርክክብ ጋር መታሰሩ ነው።

ሙከራው ቢሮ ውስጥ አይሁን። በእኩለ ቀን ፀሐይ ገጹ ይነበባል? ማህደሩ በሞላና ርካሽ በሆነ ስልክ ይከፈታል? ባትሪው ሊያልቅ ሲል የተጻፈው ይቀመጣል? ሲሙ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ሲቀየር አፑ ሰውየውን ያውቀዋል ወይስ እንደ አዲስ ይመዘግበዋል? ድንበር ላይ ሁለት ሲም የሚቀያይር ሰው ብዙ ነውና ይህ የመጨረሻው ሳይፈተሽ አይለፍ።

በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ ያለባቸው ሌሎች ነጥቦች አሉ። አፑ የሚሠራቸው ነገሮች አንድ በአንድ፤ የሚሠሩበት ጊዜ፤ በኋላ የሚጨመር ነገር ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ፤ ስህተት ቢገኝ ለስንት ወር በነጻ እንደሚታረም፤ የፕሮግራሙ ባለቤትነት የእርስዎ መሆኑ፤ ሠሪው የደንበኞችዎን ዝርዝር ለሌላ ነጋዴ እንዳይሰጥ፤ አለመግባባት ቢፈጠር በየትኛው አገር ሕግና የት እንደሚታይ። ሠሪው ናይሮቢ፣ እርስዎ ሞያሌ ከሆኑ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌ የሚሆን የጋራ ሰው ስም በውሉ ላይ ማስገባትም አይከፋም።

መኖው

አፕ ከተሠራ በኋላ ያለው ወጪ ነው ብዙዎችን የሚያስደነግጠው። የሰርቨር ኪራይ በየወሩ፣ የሚላከው አጭር መልእክት በየመልእክቱ ይከፈላል። የአይፎን ሥሪት ካለ ለአፕል በዓመት 99 ዶላር ይከፈላል፤ ካልታደሰ አፑ ከስቶሩ ይወርዳል። ጎግልም አፖች ለአዳዲስ የአንድሮይድ ሥሪቶች እንዲስተካከሉ በየዓመቱ መስፈርቱን ያሳድጋል፤ ሳይታደስ የቆየ አፕ አዲስ ስልክ ለሚገዙ አዲስ ተጠቃሚዎች መታየቱን ያቆማል። ስለዚህ ምንም አዲስ ነገር ባይጨመር እንኳ ቢያንስ በዓመት አንዴ የባለሙያ እጅ ሊነካው ይገባል።

ሠሪው ዋጋ ሲነግርዎ ሁለት ቁጥር ይጠይቁ፤ የመሥሪያውንና የዓመት ማቆያውን። ሁለተኛውን የማይነግርዎ ሰው ወይ አላሰበበትም ወይ በኋላ ሊያስብበት ፈልጓል። ከዚያ የሦስት ዓመቱን ድምር ከአሥሩ ጉዞ ኪሳራ ጋር ያስተያዩት። አፑ ሊያድንልዎ ከሚችለው በላይ የሚበላ ከሆነ ወደ ዋትስአፑና ወደ ቅጹ ይመለሱ። ይህ ውርደት አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

የሰው ስም ሲይዙ

አፑ የሻጮችን ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥርና ዱቤ ይይዛል። በኬንያ እ.ኤ.አ. የ2019 የዳታ ጥበቃ ሕግ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ድርጅት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋሉ። በተግባር ይህ ማለት የማያስፈልግዎትን አይሰብስቡ፣ ለምን እንደሚይዙት ለሰውየው ይንገሩት፣ ማን ማየት እንደሚችል ይወስኑ ማለት ነው። ነጂው የራሱን ጭነት እንጂ የሁሉንም ደንበኛ ዱቤ ማየት የለበትም። ይህ ከሕጉም በላይ የንግድዎ ጉዳይ ነው። ስልክ ኬላ ላይ ሊጠፋ፣ ሊሰረቅ ይችላል። የጠፋ ስልክ ላይ ያለውን አፕ ከሩቅ መዝጋት የሚቻል መሆኑን ያረጋግጡ።

ለሠሪው የሚቀርቡ ስድስት ጥያቄዎች

1. ከዚህ በፊት የሠሩት፣ ዛሬም በሥራ ላይ ያለ አፕ የትኛው ነው? ባለቤቱን ደውዬ ላነጋግረው እችላለሁ?
2. ኔትወርክ በሌለበት ምን ምን ይሠራል? ሁለት ሰው የተለያየ ቁጥር ቢጽፍስ?
3. አምስቱ ቁልፎች ከመጀመሪያው ቀን በማን ስም ይከፈታሉ?
4. እርስዎ ቢታመሙ ወይም ሥራ ቢቀይሩ ሌላ ባለሙያ ሥራውን እንዴት ይረከባል?
5. መዝገቡ በየስንት ጊዜ ይገለበጣል? ቅጂውን እኔ በራሴ ኮምፒውተር ላይ በሠንጠረዥ መልክ ማውረድ እችላለሁ?
6. የዓመት ማቆያው ስንት ነው?

ለአምስተኛው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ከሆነ በየሳምንቱ አርብ ያውርዱት፤ ከተቻለም የዱቤውን ገጽ ያትሙት። አፑ አዲስ በሆነበት የመጀመሪያ ወቅትም ደብተሩን አይጣሉ። አንድ ሙሉ የሐጅ ገበያ እስኪያልፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ይያዙ፤ በየሳምንቱ ያስተያዩአቸው። የማይገጥሙበት ቦታ ወይ የአፑ ስህተት ነው ወይ የሰው፤ ሁለቱም በጊዜ ቢታወቁ ይሻላል። ያ የምሳሌያችን ነጋዴ ደብተሩን ባይረሳው ኖሮ ነጩ ገጽ የጠዋት ብስጭት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ዱቤውን መሰብሰብ ይችል ነበር።